አባ ፍሬንን ያሳፈርንበት ጠዋት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች! የተከበርሽ እህቴ፣ የሟች ባለቤት! ሁለቱ ሴት ልጆቹ! የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን፣ ዝናቡ ገና ሳይመጣ ጃንጥላ የተያዘልዎት! ቢመጣም ጃንጥላ የማይያዝላችሁ ባልደረቦቼ! እዚያ ጥግ ደግሞ ሄልሜታችሁን በብብታችሁ ሸጉጣችሁ የቆማችሁ አምስት ሽማግሌዎች! እንደምን ዋላችሁ? መልሱን አልጠብቅም። ወጉ እንዳይቀር ነው የጠየቅኩት።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ከሟች ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ድርጅት ሞተር የነዳሁ ሰው ነኝ። ከክሊኒክ ክሊኒክ እየዞርን የደም ናሙና እንሰበስብና ላቦራቶሪ እናደርሳለን። ባልደረቦቼ አፈ ጮሌው ይሉኛል። ሰርግ ሲሆን ተናገር፣ ጡረታ ሲሆን ተናገር፣ ሞት ሲሆን ተናገር። ዛሬም ተናገር አሉኝ። እናገራለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፈርቻለሁ።

ይህን ሰው ሁላችንም አባ ፍሬን እንለው ነበር። ለምን? ፍሬን ስለሚወድ ነዋ! ለዶሮ ፍሬን ይይዛል። ለኩሬ ፍሬን ይይዛል። የገዛ ጥላው ከፊቱ ከወደቀ ለሱም ይይዛል። አንድ ቀን ከኋላው ስከተል ጭር ባለ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ልወጣበት ምንም አልቀረኝም።

«ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ?» አልኩት።

«ያቺ ሴትዮ ልትሻገር አስባለች።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ሱቅ ውስጥ ያለችው።»

ሳቅን። ዓመቱን ሙሉ ሳቅን። ሴትዮዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዳቦዋን ይዛ ግራ ቀኝ ሳታይ ወጥታ ተሻገረች።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ያለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንድ ቀን እንኳ ያልወደቀ ሰው። ትናንት እቤቱ ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ውኃ አቀረበችልኝ፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ከሁላችሁ ፈሪው እሱ ነበር። ታዲያ እንዴት እሱ ቀደመ?» አለችኝ። ውኃውን ጠጥቼ ወጣሁ።

እህቴ፣ መልሱን ትናንትም አውቀው ነበር። ለብቻሽ ልነግርሽ ፈርቼ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ እየሰማ እነግርሻለሁ።

አሮጌዎቹ ሞተሮቻችን ታምቡሮ ፍሬን ነበራቸው። ሞተር ለማታውቁ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ለመቆም የፈለገ የፍሬኑን መያዣ በአራት ጣት፣ በሙሉ ኃይሉ፣ አንዳንዴም በስለት ጭምር መጭመቅ አለበት። አባ ፍሬን ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ጨመቀ። እኔም ጨመቅኩ። እነዚያ አምስቱም ጨመቁ። እጃችን እኛን ሳይጠይቅ የሚሠራ ሆነ። ልምድ የሚባለውም ይኸው ነው፤ እጅህ ሳያማክርህ ሲሠራ።

ከሁለት ወር በፊት አዲሶቹ መጡ። የሚያምሩ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። የፊት ፍሬናቸው ዲስክ ነው። ሁለት ጣት ጣል ስታደርግበት እሺ ብሎ ይቆማል። በሙሉ እጅህ ድንገት ከጨመቅከው ግን የፊቱ ጎማ ቀጥ ይላል። ሞተሩ ይቆማል። አንተ አትቆምም።

ድርጅቱም የአንድ ጠዋት ሥልጠና አዘጋጀ። ማስታወቂያው ላይ «ሁሉም ሞተረኛ» ይላል። እኛ ነባሮቹ ሰባት ነበርን። «ትናንት ከተቀጠረ ልጅ ጎን ተቀምጠን ፍሬን አያያዝ እንማር? ነውር ነው!» ብሎ ሰባቱን ያሳመፀ ማን ነው? እኔ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ «ለነባሮች ክብር ሲባል» ያለ ማን ነው? እኔ። እሳቸውም «ለክብር ሲባል» ብለው ፈቀዱ፤ ወረቀቱ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ የመገኘት ፊርማ መፈረሚያውን ሰጡኝ። ሰባቱን ፊርማ የፈረመ ማን ነው? እኔ። የአባ ፍሬንን ፊርማ ከራሱም አሳምሬ ነው የፈረምኩት።

ክቡርነትዎ፣ መሬት መሬቱን አይዩ። የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኩ እኮ።

ታዲያ ያን ጠዋት የት ነበርን? ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት። መስኮቱ ጋ ተደርድረን፣ ልጆቹ በፕላስቲክ ምልክቶች መካከል ሲዞሩ እናያለን። ሚጢጢ የምንላት አለች፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። በዚያች ዓመት ሦስት ጊዜ ወድቃለች። ያን ጠዋትም ዓይናችን እያየ አራተኛውን ወደቀች። ፍሬኑን በሙሉ እጇ ይዛ! ጭብጨባ በጭብጨባ ሆንን። እሷ ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ እንደገና ወጣችበት። በሁለት ጣት። ቆመች።

ያኔ አባ ፍሬን ብድግ አለ።

«ወዴት?» አልኩት።

«እስቲ ልሂድና ልየው። ያ ፍሬን አላማረኝም።»

ምን አልኩት? እህቴ፣ ምን እንዳልኩት ስሚ። «የልጅ ልጅ ሊያይ የደረሰ ሰው ገና ሀ ሁ ልትቆጥር ነው? ሂድ በል፣ ደብተርና እርሳስ ገዝተህ ሂድ! ምሳ ዕቃህን እኛ እናደርስልሃለን!» አልኩት።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ኮሎኔል ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። ኮሎኔል ያ ሪዛሙ ነው፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ አረማመዱ ብቻ ነው። አስተናጋጇ እንኳ ሳቀች። አባ ፍሬን ቆሞ አየኝ። ከዚያ ተቀመጠ። ስኳር ያላስገባበትን ሻይ ደጋግሞ አማሰለ። ቀና ሲል እሱም ይስቅ ነበር። ከሁላችን ድምፅ የሱ ሳቅ በለጠ። ሰው ሲያፍር እንዴት እንደሚስቅ ታውቃላችሁ?

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ግቢ ውስጥ፣ ከናሙና ሳጥኖቹ ኋላ፣ አባ ፍሬን ሞተሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሚጢጢ አጠገቡ ቆማ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ሁለት ጣት ብቻ፤ ሌሎቹን መሪው ላይ ይተዉአቸው» ስትለው ሰማሁ። እሱ እኔን ሲያይ እጁን ከፍሬኑ ላይ መነጨቀ። «መስታወቱን እያስተካከለችልኝ ነው» አለኝ። የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ ስኳር ሲልስ እንደተያዘ ሕፃን! መስታወቱ ምንም አልሆነም ነበር። እኔ አፈ ጮሌው፣ ዕድሜ ልኬን የማላወራው የለኝ፣ ያን ቀን «ተማር፣ እኔም ልማር» ማለት አቃተኝ። «በርቺ፣ መስታወቱን ደህና አድርገሽ አስተካክዪ!» ብዬ አለፍኩ። እሱም ከሞተሩ ወረደ።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ አትክልት ተራው ፊት ለፊት፣ አንድ የቆመ መኪና በሩን ድንገት ከፈተ። አባ ፍሬን በሠላሳ ነበር የሚሄደው። በሠላሳ! በሩ ሲከፈት ቀድሞ አየ። ቀድሞ ፍሬን ያዘ። ሃያ ስድስት ዓመት ያተረፈው እጁ አላመነታም፤ በአራት ጣት፣ በሙሉ ኃይሉ ጨመቀ። አዲሱ ሞተር መምጣቱን ለእጁ ማን ነገረው?

ትራፊክ ፖሊሱ ርቀቱን ሲለካ ነበርኩ። ሞተሩ የወደቀው በሩ ጋ ሳይደርስ፣ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ነው። በሩ አልተጫረም። ቀለሙ እንኳ አልተነካም። ሰዎች፣ እንቅልፍ የነሳኝ ያ በር ነው። አባ ፍሬን ለመቆም ቦታ ነበረው።

ሚጢጢ እንዲሁ ወድቃ ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። የሃያ ሁለት ዓመት አጥንት ይሰበራል፣ ይጠገናል፣ ይረሳል። የሃምሳ ሰባት ዓመት አጥንት ቂመኛ ነው። እሱ ራሱ አዲስ ልጅ በተቀጠረ ቁጥር «ጀማሪ የሚወድቀው ስለማያውቅ ነው» ይል ነበር። እኔ ዛሬ ልጨምርበት፤ ነባር የሚወድቀው ስለሚያውቅ ነው። የድሮውን ስለሚያውቅ!

እህቴ፣ መልስሽ ይኸው። ፈሪ ነበር ያልሽው ልክ ነው። ፍርሃቱ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በደህና ወደ ቤትሽ አመጣልሽ። እኔ በአንድ ብርጭቆ ሻይ አስጣልኩት። ይቅርታ አሁን አልጠይቅሽም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብጠይቅሽ እምቢ ለማለት ይቸግርሻል። ሌላ ቀን ብቻዬን እመጣለሁ፤ ያኔ በሩን ብትዘጊብኝም አልቀየምም።

አሁን ለምን እንደምፈራ ልንገራችሁ። ትናንት ከእህቴ ቤት ስመለስ ውሻ አቋረጠኝ። ሁሉንም አውቃለሁ፤ ፖሊሱ ሲለካ አይቻለሁ፤ ሁለት ጣት፣ ሁለት ጣት እያልኩ ነው የምነዳው። ውሻው ብቅ ሲል ግን እጄ አልሰማኝም። አራቱም ጣቶቼ! ጎማው ተንሸራተተ፣ እንዴት እንደቀናልኝ አላውቅም። ሞተሩን አጥፍቼ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄን የማላውቀው ሰው እጅ ይመስል ትኩር ብዬ አየሁት። ዛሬስ በምን መጣሁ? በዚያው! ለቀብሩ እንኳ በእግሬ ለመምጣት አፈርኩ።

ከበሩ ውጭ ስድስት አዳዲስ ሞተሮች ቆመዋል። የኔና የአምስቱ። ሰማዩን ተመልከቱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ አስፋልት ሳሙና ነው የሚሆነው። እኛም በስድስት አሮጌ እጅ፣ በውሸት ፊርማ፣ ቁልቁለቱን ልንወርድ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ቅድም ስለ አንድ ኮሚቴ ነግረውናል፤ በሚቀጥለው በጀት ዓመት አደጋውን ያጠናል ብለዋል። ክቡርነትዎ፣ ደመናው ኮሚቴዎን አይጠብቅም።

ሚጢጢ፣ ነይ ልጄ። ሄልሜትሽን ገልብጠሽ ያዥልኝ። ይኸው የኔ ቁልፍ። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ እገኛለሁ። ደብተርም እገዛለሁ። ሁለት ጣት እስኪገባኝ ታዞሪኛለሽ፤ ስወድቅ መሳቅ ትችያለሽ።

እናንተ አምስታችሁ። ኑ። ሰው እያየን ነው? ይየና! ስናፍር እንጂ ስንፈራ አይተውን አያውቁም፤ ዛሬ ይዩን።

አንድ። ወንድሜ፣ ያክብርህ። ሁለት። ሦስት፤ አንተ ደግሞ የቤትህን ቁልፍ ነው የሰጠኸው፣ ቀይረው። አራት።

ኮሎኔል።

ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» ነው የምትለው? እሱም ሃያ ስድስት ነድቶ ነበር። አትዙር። ወደ በሩ አትሂድ፣ እለምንሃለሁ። ያን ቀን ጠረጴዛ የመታህበት እጅህ አሁን ኪስህ ውስጥ ያለው ነው፤ ቁልፉንም እንደያዘ አውቃለሁ። እሺ፣ እንደፈለግክ። እኔ ግን ንግግሬን አልጨረስኩም። ቁልፉ እስኪመጣ አልጨርስም። ታውቀኛለህ፤ የጥበቃ ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ተናግሬ ተሸኚውን እንቅልፍ ወስዶታል። ይህ ሁሉ ሐዘንተኛ በዝናብ ይበሰብሳል፤ የሥራ አስኪያጁ ጃንጥላም አይበቃንም። እኔ ሌላ ሰው መቅበር አልችልም፣ ኮሎኔል። ያንተን ንግግር ማድረግ አልችልም። ላንተ የሚሆን ቀልድ አልቆብኛል።

...

መጣ። መንገድ ልቀቁለት። ጣል፤ እዚያው ውስጥ ጣለው።

አባ ፍሬን፣ ወንድሜ። ያን ጠዋት ብድግ ስትል አብሬህ መነሳት ነበረብኝ። ዘገየሁ። ጭቃውን እየረገጥን በእግራችን ቁልቁል ልንወርድ ነው፤ ስድስታችንም ፈርተናል። አንተ እረፍ። ደህና ሁን።