ዳማ ላይ የነገሡ ሽማግሌ

ከቦሌ ሚካኤል ወደ ሾላ በሚሄድ ውይይት ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ሴት የአባቷን ክንድ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቤ የተሳፈሩት ሽማግሌ አወቋት።

«ምነው አባትሽን ደበቅሽብን? ከዳማው ከቀረ ሦስት ወሩ እኮ ነው።»

«ጋሼ፣ ቀስ ብለው ያውሩ እንጂ። ዳማ የምትጫወቱበት ዛፍ ሥር ‹ነገሥኩ!› ብለው የጮኹት አባቴ አይደሉም?»

«ቆርኪው ዳር ደረሰለታ! ዳማ ላይ ሌላ ምን ይባላል?»

«ይህን ለአብዮት ጥበቃው ያስረዱት። ‹የነገሠው ማነው?› እያለ ቤት ድረስ መጣ። ወንድሜን እንደወሰዱት እሳቸውንም ይውሰዷቸው?»

«ታዲያ ቤት ዘግተሽበት ደህና ሆነ?»

ድምጿ ወረደ። «ዛሬ ጠዋት ስሜ ጠፋባቸው። ‹አንቺ ልጅ፣ የማን ነሽ?› አሉኝ። ሐኪም ቤት ልወስዳቸው ነው።»

«ማን አናግሮት ያስታውስ? ጭንቅላትም ሰው ካጣ እንደ ቆርኪ ይዝጋል። ቅዳሜ ወደ እኛ አምጪው። ‹ነገሥኩ› ማለት ትተናል።»

«ምን ትላላችሁ ታዲያ?»

«‹ሊቀመንበር ሆንኩ›።»

የሳቀ የለም። በሩ ጋ የተቀመጠ አንድ ካኪ ለባሽ ዞር አለ።

አባትየው ግን ቀና ብለው ወዳጃቸው ላይ አፈጠጡ።

«አንተ ሌባ! ያን ቀን ጥበቃው ዛፉ ሥር ሲመጣ ሁለት ቆርኪዬን አንስተሃል።»

ልጅቷ አባቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ጋሼ» አለች፣ «ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው?»

እኔ ሾላ እስክንደርስ ድረስ ከካኪ ለባሹ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም።