ለብርዱ የዘጋነው በር

ክቡራትና ክቡራን፣ የጋራዣችን ኃላፊ አቶ መኳንንት፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ድግስ ለደገሳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። በጉን ማን እንደመረጠው አላውቅም፤ ዓይን ያለው ሰው ነው። ቆሜ ብናገር ደስ ባለኝ፣ ግን ትንፋሼ ስለማያደርሰኝ ተቀምጬ እናገራለሁ። በመሐል ዝም ካልኩ ንግግሩ ጠፍቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ አየር እየፈለግሁ ነው።

መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ይህ ጋራዥ መሐል ሜዳ ላይ ሲከፈት፣ ቀለም ቀቢ ተብዬ የተቀጠርኩት እኔ ወዳጆ ነኝ። ትራክተሩንም፣ የገብስ መውቂያውንም፣ ተሳቢውንም የረጨሁት እኔው ነኝ። ቀየት ገበያ አጠገብ ቀይ ትራክተር ሲያልፍ ካያችሁ የእኔ እጅ ነው። ቀይ ሆኖ ከቆየ ማለቴ ነው።

ሥራውን ለማታውቁት ላስረዳ። ቀለም ብቻውን አይረጭም። የሚያቀጥነው ቲነር አለ፤ የሚያጠነክረው ማድረቂያ አለ። ሁለቱም እንደ አገሩ አየር ይመረጣሉ። ለቆላ ቀስ ብሎ የሚተነው ይሻላል፤ አለዚያ ቀለሙ ብረቱ ላይ በደንብ ሳይዘረጋ ይደርቃል። ለእኛ ደጋ ግን ቶሎ የሚተን ቲነርና ቶሎ የሚያደርቅ ማድረቂያ ነው የሚያስፈልገው። የሚላክልን የትኛው ነው? የቆላው! ሁልጊዜ የቆላው! ጨረታውን የሚያወጡት ሰዎች ጓሳ ተራራ ላይ አንዲት ሌሊት ቢያድሩ ምን ነበረበት?

ታዲያ ቀለሙ አልደርቅ ሲል ምን አደረግን? መካኒኩ በኃይሉ እዚህ አለ፤ አትደበቅ! አዲስ የረጨሁት መውቂያ ሳይደርቅ ሲመሽበት አይቶ፣ «ጋሼ፣ በርዶት እኮ ነው፤ እናልብሰው» አለኝ። ከቤቱ የበግ ጠጉር ባና አምጥቶ አለበሰው። ጠዋት ስንገልጠው ጠጉሩ ቀለሙ ላይ ቀርቷል። ገበሬው ሊረከብ መጥቶ ዙሪያውን አየና፣ «እንግዲህ ልወቃበት ነው ወይስ ልሸልተው?» አለን።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ያን ጊዜ ደረቴ ሳቅ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዘዴ ለመድን። ቶሎ እንዲደርቅ ብለን ማድረቂያውን ከመጠኑ በላይ ጨመርን። ነፋሱ እንዳይገባ የቀለም ክፍሉን በር ዘጋን፤ የመስኮቱን ስንጥቅ በጆንያ ወተፍን። የመንዝ ሰው ሲበርደው በር ይዘጋል፤ ማን ይፈርድብናል? ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የያዝነው ሙቀት አልነበረም። የምንረጨውን ነው መልሰን የተነፈስነው።

ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም፣ «አባቴ፣ ሲረጩ ጭንብል ያደርጋሉ?» አለኝ። «ነጠላ እጠመጥማለሁ» አልኩት። እሱም፣ «የማድረቂያው መርዝ በጨርቅ አይያዝም። የተጎዳው ሳንባ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም» አለኝ። እውነቱን መናገሩ ደግ ነው። ቢዋሸኝም አልቀየመውም ነበር።

የጭንብሉን ነገር ግምገማ ላይ አነሳሁ። «የአመለካከት ችግር አለበት» ተባልኩ። አመለካከቴስ ደህና ነው፤ የሚያስለኝ ሳንባዬ ነው። አቶ መኳንንት፣ እርስዎን አልወቅስም፤ ከእኔ ጋር ሆነው ጠይቀዋል። ከላይ የመጣው መልስ «በጀት ሲፈቀድ» የሚል ነበር። መቼ ይፈቀድ ይሆን? እኔ ይመጣል ብዬ አላምንም። በስንብቴ ቀን ተስፋ አለኝ ብዬ ብዋሽ ማንን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ረዳቴ ወደ ጽናት ልምጣ። ስንት ዘመን አብራኝ በብርጭቆ ወረቀት ዝገት ስትፍቅ፣ ስቱኮ ስትቀባ የኖረች ናት። እኔ ከታመምኩ ወዲህ ስትተካኝ ቆይታለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ መርጫው የእሷ ነው። ሰሞኑን ለብቻዋ ጠርቼ፣ «እምቢ በያቸው፤ ሌላ ክፍል ጠይቂ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ። ደግሞስ ሌላ ክፍል የት አለ?» አለችኝ።

የጋራዡን ክፍል ሁሉ በሐሳቤ ዞርኩት። የሚቀበላት አላገኘሁም።

እንግዲያው በሩን ክፈቺ፣ ልጄ፣ አልኳት። ይብረድሽ። ቀለሙ ይውረድ፣ አቧራ ይልበስ፣ ባለቤቱም ይቆጣ። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ብቻ እርጪ። ማድረቂያውን ከመጠኑ አታሳልፊ፤ ሲበዛ ቀለሙን ያሰነጥቀዋል። ይህን ሁሉ ነግሬያት «እሺ ጋሼ» ብላኛለች።

ትናንት ዕቃዬን ልሰበስብ ስመጣ የቀለም ክፍሉ በር ዝግ ነበር። ውጭው ጉም ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። አንኳኳሁ። ከፍታልኝ ስትወጣ አሳለች። ደረቅ ሳል ነው፣ ከታች የሚመጣ። ግድግዳውን ይዛ እስኪያልፍላት ጠበቅኋት።

«ጉንፋን ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

እኔም ያኔ ለባለቤቴ ያልኳት እንደዚሁ ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ ምርቃት ሳልሰጥ አልሄድም፤ እናንተም አሜን በሉ። ገብሳችሁን ውርጭ አይምታው። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። እንጀራችሁ ጤናችሁን አይውሰድባችሁ። የጽናትንም ሳል እግዚአብሔር ጉንፋን ያድርገው።

እባካችሁ፣ ይህንንስ ጮክ ብላችሁ አሜን በሉልኝ።