በር ያመጣ ይግባ

እትዬ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። መስኮቱ ሥር ንፋስ አለ፣ ጉልበትሽን ይይዝሻል። ወንበሩ ይመቻል አይደል? ይመቻል እንጂ… አዳራሹ ውስጥ ትራስ ያለው ወንበር ይሄ ብቻ ነው፤ ለአንቺ ተብሎ ነው የተቀመጠው። እኔ እዚህ የፕላስቲኩ ላይ እሆናለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ሻዩስ? ስኳሩን እንደምትወጂው አድርገውልሻል? ጎሽ። ባልዋ የሞተባት ሴት በወጣቶች መሀል እንዲህ ስትከበር ካየሁ ስንት ዘመኔ…

ልጅሽን አየሽው? ያውና፣ መድረኩ አጠገብ። ሸሚዙን ማን ተኮሰለት? አንቺ ነሽ፣ ሌላ ማን ሊሆን። ስልክ ሲጠግን የሚውለው ልጅ ዛሬ ሙሽራ መስሏል። ካርድ አሳትሟል፣ ታውቂያለሽ? በሩ ላይ ሲያገኘኝ ጨብጦኝ ካርዱን ሰጠኝና «እንተዋወቅ» አለኝ። እኔን፣ አጎቱን። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ። «የሪል እስቴት ኢንቨስተር» ይላል ካርዱ። ደስ ብሎኝ ኪሴ ከተትኩት፤ ስልኬ ሲበላሽ ይጠቅመኛል።

ይሄ የምታዪው ወጣት ሁሉ እንዲህ ነው፣ መተዋወቅ ነው ሥራው። በእኛ ጊዜ ድለላ ይባል ነበር፤ አሁን ኔትወርክ ሆኗል። ያ ነጭ ጫማ ያደረገውን ታዪዋለሽ? ቅድም እፊታችን ቆሞ ለዚያች ለፋርማሲስቷ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ሲያስማማት ነበር። እሷ ዞር ብላ ያንኑ ለጥርስ ሐኪሙ አቀረበችለት። ጥርስ ሐኪሙም ይዞት ሄዶ… ለነጭ ጫማው አቀረበለት። ነጭ ጫማው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ዋጋው ትንሽ በዛብኝ፣ ላስብበት።» አንዳቸውም ደጁን እንኳ ረግጠው አያውቁም። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ይሄን ጊዜ እግራቸውን ዘርግተው ቴሌቪዥን እያዩ ይሆናል፤ ተሸጠው ተገዝተው ማለቃቸውን ማን ይንገራቸው?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩን አየሁት፣ ደህና አብሯል። አንበሳ እንኳ አላየሁም… ሸረሪቷ ግን፣ ተመስገን ነው፣ ወፈር ብላለች።

ማንን ማለቴ ነው? ኧረ ማንንም። ስለ ሸረሪት ነው የማወራሽ።

እንዲያው ይሄን ወጣት ሁሉ ሳይ አንድ የድሮ ሰው ትዝ አለኝ። ስሙን ተዪው፤ ስም ማንሳት ሐሜት ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ክፍል የምንጋራ ጓደኛዬ ነበር። ጨዋ ነው። ደግ ነው። የእኔንና የሱን ለይቶ የማያይ ሰው ነበር። ሳሙናዬን፣ ካልሲዬን፣ ሐሳቤን… እንደ ራሱ ነበር የሚያያቸው። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይላሉ አይደል? እሱ እኮ አንድም ቀን ልሶኝ አያውቅም። ቀፎውን ነው ይዞ የሄደው።

እኔ ያኔ የሕንፃ ንድፍ እማራለሁ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ሰፊ አሮጌ ቤት፣ ባዶ ክፍሎች፣ የሚያፈስ ጣሪያ። ጣሪያውን ወጥቼ ደፈንኩላቸው። «ልጄ» ይሉኝ ጀመር። ከዚያ ቤቱን ለካሁት፤ የትኛው ግድግዳ ቢነሳ፣ ደረጃው በየት ቢዞር ለተማሪ የሚከራዩ ክፍሎች እንደሚወጡት ንድፍ ሠራሁ። ባልቴቷ ፎቁን ይሰጡናል፣ እኛ እናድሳለን፣ ኪራዩን እንካፈላለን። «እኛ» የምልሽ… ያን ደግ ሰው ይዤ ሄጄ «ባልደረባዬ ነው» ብዬ ስላስተዋወቅኳቸው ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባል የለ? መጠኑን ነው ማንም ያልነገረኝ።

የመፈራረሚያው ቀን ሲቃረብ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ፊርማው ለሌላ ሳምንት ተዛውሯል አለኝ። ደግሞም አጎቱ ሞተውበታል፤ ለቅሶ ሊሄድ ነው፣ ኮት የለውም። እኔ ያለችኝ አንዲት ኮት ናት፣ ለፊርማው ቀን ብዬ ያስቀመጥኳት። አወጣሁለት። ተኮስኩለት። የላላውን አዝራር ሳይቀር ሰፋሁለት። እስከ በሩ ሸኘሁትና «እግዜር ያጽናህ» አልኩት… ጸና። እንደሱ የጸና ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?

ባልቴቷ ዘንድ ስሄድ ፊርማው አልቋል፤ ሻይ አቀረቡልኝና «አንተማ ትምህርቴ ይበልጥብኛል ብለህ ትተኸዋል አሉ፤ ጓደኛህ እያለቀሰ ነገረኝ፤ በል ይቅናህ» አሉኝ። እያለቀሰ ነው ያሉኝ፣ እትዬ። እኔ ደግሞ ለቅሶ እሄዳለሁ ብሎ ዋሸኝ እል ነበር። ሰው እንዲሁ በከንቱ ይታማል።

አሁን ያ ሰው ለወጣቶች ንግግር ያደርጋል አሉ። «ስጀምር ከለበስኩት ልብስ በቀር ምንም አልነበረኝም» ይላቸዋል። ያጨበጭባሉ። እኔም ብኖር አጨበጭብ ነበር፤ ትንሽ ማጋነኑ ነው እንጂ… ልብሱንስ ከየት አባቱ አመጣው?

ቅናት ነው? ምን የሚያስቀና ነገር አለው? እኔ ቤት መሳል ተማርኩ፣ እሱ ቤት መግባት። ይኸው እኔ እስካሁን ለልጆች ማስመሪያ እንዴት እንደሚያዝ አስተምራለሁ፤ ማታ የሰው ክፍል ውስጥ ገብቼ የሰው ጣሪያ እያየሁ እተኛለሁ። ደህና ነኝ። ጣሪያው አያፈስም።

ባልቴቷ? እሳቸውማ ተቀማጥለዋል። መጀመሪያ ፎቁ ታደሰ። ቀጥሎ ምድር ቤቱም ይታደስ ተባለ፤ እሳቸው ለጊዜው ከደረጃው ሥር ያለችው ዕቃ ቤት ይግቡ ተባሉ። ለጊዜው ነው… ጊዜው ነው አላልቅ ያለው። ደረጃ ከመውጣት ገላግሏቸዋል፤ አሁን ሰው ነው በአናታቸው ላይ የሚወጣው የሚወርደው። ቁልፍ መያዝ እንዳያደክማቸው የውጭውን በር ቁልፍ እሱ ይይዝላቸዋል። «እማማ» ነው የሚላቸው። የወለዱት ልጅ ቢሆን እንዲህ ይጦራቸው ነበር? ድሮ ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ አሁን አማካሪ ይባላል። ሠልጥነናል።

ቀስ በል? ማን ይሰማኛል ብለሽ? ከኋላችን ሰው ቆሟል?… ፔርሙዝ ይዞ? ይቁም፣ ምን ቸገረው። ብርጭቆሽን ሊሞላልሽ ይሆናል። ሙላላት፣ ጌታው፣ ሙላላት። ስለ አንድ የድሮ ሰው ነው የምናወራው፣ አንተ አታውቀውም… እሱም ራሱን አያውቅም። እጅህን ግን ጠበቅ አድርግ፣ ሻዩ በሰው ወንበር ላይ እየፈሰሰ ነው።

ሄደ? ታዲያ ምን አስደነገጠው?

ምን እያልኩሽ ነበር… አዎ፣ የዚህን ስብስብ ወግ ልጅሽ አጫውቶሻል? «እሸለማለሁ፣ መጥተሽ እዪኝ» ብቻ ነው ያለሽ? ይሸለማል እንጂ። ሽልማቱን ራሱ ይዞ መጣ እንጂ ሽልማትስ አለ። ወጉ ያምራል። አዲስ ገቢ ገንዘብ አይጠየቅም፤ «በር» አምጣ ነው የሚባለው። በር የሚሉት ሰው ነው፤ የራሱ ቤት ያለው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ልጁን የሚያምን ሰው። ነጭ ጫማው አክስቱን አመጣ፣ ፋርማሲስቷ አያቷን። በሩ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይፈርማል። ቤቱ በማኅበሩ ስም ይዞራል፣ ይፈርሳል፣ በቦታው ፎቅ ይቆማል ይባላል። ለባለቤቱ ከፎቁ አንድ ቤት ይሰጠዋል፤ እስኪያልቅ ድረስ ለጊዜው የሚቀመጥበት አይጠፋም…

ልጅሽ በር አጥቶ ከረመ አሉ። ከኋላ ነበር የሚቆመው፣ ከነካርዱ ከነምኑ። ዛሬ ግን መድረኩ አጠገብ ነው። ምን አግኝቶ ይመስልሻል? እኔ እንጃ። ሸሚዙ ይሆናል።

ክፉ ልጅ አይደለም፣ እንዳትቀየሚው። እኔስ ክፉ ነበርኩ? በደግ ልጅ እጅ ነው እኮ በር የሚከፈተው። ክፉውንማ ማን ያስገባዋል? ያ ቤትሽ እንደሆነ ሟቹ ባልሽ እሑድ እሑድ ሲሚንቶ እያቦካ የሠራው አሮጌ ነገር ነው። ምን ያደርግልሻል? ለሦስት ክፍልና ለአንድ ጓሮ ብለሽ የወጣቱን ተስፋ ልታጨልሚ ነው?

ይኸው ተጠራሽ። ስሚ፣ ያጨበጭቡልሻል። እስክሪብቶዋን ባለ ፔርሙዙ ጌታው በገዛ እጁ ይዞልሽ መጣ፣ ወርቅማ ናት። ወረቀቱንም ጉልበትሽ ላይ ዘርግቶልሻል፣ እንዳትነሺ ብሎ። አየሽ ማሰቡን? «እማማ» ሲልሽስ ሰማሽው?…

ምነው? «መነጽሬን ረስቻለሁ» ነው ያልሽው? ቦርሳሽ ውስጥ አይደል እንዴ ያለው? እሺ፣ እሺ፣ ረስተሽዋል። ኧረ ሻይሽን ጨርሺ፣ ምን ያስቸኩላል… ክንዴን ያዢ። ልጅሽ ፊቱን አጠቆረ። ይጥቆር። ዛሬ ያኮርፍሻል፣ ነገም ያኮርፍሻል፤ ራቱን ግን እቤትሽ መጥቶ ነው የሚበላው፣ ቤቱ አለ። እስክሪብቶዋን መልሺለት እንጂ፣ የሰው ዕቃ ይዞ መሄድ ነውር ነው… የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቆይ፣ አንዴ ቁሚልኝ። ጌታው፣ አንተም እንዳትሄድ፣ ምርቃት ላይ የቆመ ሰው ይደርሰዋል። ያን የድሮ ጓደኛዬን በክፉ ሳነሳው አምሽቼ ዝም ብዬ ብወጣ ደስ አይለኝም። አሜን በዪ፣ እትዬ። እግዜር ዕድሜ ይስጠው፤ ረጅም ዕድሜ፣ ደረጃ መውጣት እስኪያቅተው ድረስ። ቤቱን በልጅ ይሙላለት። ልጆቹ ሁሉ እሱን ይምሰሉ፣ አንዳቸውም ወደ ሌላ አያዘንብሉ። በስተርጅናውም… ከእነሱ እጅ አያውጣው።