ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍኳቸው ቅርጾች

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበሩ ርእሰ መምህርት ማክዳ፣ ለዚህ ሁሉ የጡረታ መሸኛ ድግስ እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውን ሳታለብሱኝ በፊት ልናገር ያልኩት ሙቀቱን ፈርቼ አይደለም። የከበደኝ ነገር ስላለ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተማርኩ። ሃያ ሁለቱን ዓመት የመርጃ መሣሪያው ቁም ሳጥን ቁልፍ እኔ ኪስ ነበር። ከእንጨት የተሠሩትን ኪዩብ፣ ሲሊንደርና ኮን ታውቋቸዋላችሁ። የት? ከክፍለ ከተማ እንግዳ ሲመጣ፣ ጠረጴዛ ላይ! እንግዳው ሲወጣ አቧራቸውን አራግፌ እቆልፍባቸዋለሁ። "አንድም አልጠፋብኝም" እያልኩ ስኮራ ሰምታችሁኛል። ልጅ ያልነካው ዕቃ እንዴት ይጠፋል?

ሰርክአዲስ አዲስ መምህርት ሆና ከጎኔ ያለውን ክፍል የያዘች ጊዜ፣ "ጋሽ እምሩ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያውሱኝ" አለችኝ።

"ልጆች ይሰብሩታል" አልኳት። እንጨቱን!

በማግስቱ ልጆቹን ባዶ የድልህ ጣሳ፣ የክብሪት ቀፎና ድንች አስመጣቻቸው። ጣሳውን ወለል ላይ አንከባለሉ። ድንቹን በኪዩብ ቅርጽ ቆርጣ ሰጠቻቸው፤ እያንዳንዱን ገጽ ቀለም ውስጥ እየነከሩ ወረቀት ላይ አተሙ፣ ቆጠሩ። ኪሮስ የሚባል ልጅ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ መጣ፦ "ቲቸር! ሲቆም እምቢ አለ፣ ሲተኛ ግን ይሮጣል!" እኔ በዚያች ሰዓት ሰሌዳ ላይ ሲሊንደር ስዬ "ይህ ምንድን ነው?" እያልኩ ነው። የእኔዎቹ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ቀናሁ።

ስም ያልተጻፈበትን ማመልከቻ ታስታውሳላችሁ? "ክፍሉን አትክልት ተራ አደረገችው" የሚለውን? በእሱ ሰበብ ሰርክአዲስ ዓመት ሙሉ ከልጆቹ ተነጥላ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠች። "ማን ይሆን፣ ጋሼ?" ብላ ያማከረችው እኔን ነበር። "ለእግዜር ስጪው" አልኳት።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ "እንዴት አደሩ" ባለችኝ ቁጥር አፍሬያለሁ። አሁንም ወደተቀመጠችበት ማየት አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ቅርጾቹን ለአንደኛ ክፍል ልጆች ሰጠኋቸው። ምሳ ሳይደርስ ኮኑ ጠፋ። ይጥፋ!

ጤና ይስጣችሁ፤ ከልጅ ጋር ወለል ላይ የምትቀመጡበትን ጉልበት አይንሳችሁ። የምታስተምሯቸው አድገው ይጡሯችሁ።

ጋቢውን የመረጠችው ሰርክአዲስ ናት አሉኝ። ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ። ከሆነልሽ አንቺው አልብሺኝ። ካልሆነልሽም አይፈረድብሽም፤ ይህችኑ አሮጌ ኮቴን እንደለበስኩ ቁልቁል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ እወርዳለሁ።