ባሕሩ አይሸጥም

ነገሌ ላይ ሱቅ ያለኝ ጉራጌ ነኝ፤ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ግን ድሮ የታተመ የቀይ ባሕር የመርከበኞች ካርታ ካገኘሁ፣ ከመርካቶም ይሁን እዚህ ከጦር ካምፑ አካባቢ ካለ የባሕር ኃይል ጡረተኛ፣ እገዛለሁ። የሱቄ ግድግዳ ምጽዋና አሰብ ነው። የሚስቅ ይሳቅ!

በቀደም አሮጌ ካርታ የሚሰበስብ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ እዚህ በረሃ ይሄን ማን ያየዋል? ለእኔ ይሽጡልኝ፣ የሚያውቅ ሰው እጅ ይግባ" አለኝ። ደሜ ፈላ። አፌን ሳልከፍት፣ ስኳር ሊገዙ የመጡት የቦረናው ሽማግሌ አባ ጃርሶ፣ ባሕሩ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች በበትራቸው እያሳዩ፣ "ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?" አሉኝ።

"የውሃው ጥልቀት ነው፣ አባ።"

"ስንት ሰው ያቆማል?"

ቦረና ጥልቅ ጉድጓዱን የሚለካው፣ ከታች እስከ ላይ ቆመው ውሃ በሚቀባበሉት ሰዎች ነው። እንግዳው ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን በርጩማ ሳብኩላቸውና፣ "ይቀመጡ አባ፣ አብረን እንቁጠር" አልኳቸው። ወደ እሱ ዞሬም፣ "ባሕሩ አይሸጥም ወንድሜ፤ ሰው እየወረደበት ነው" አልኩት።