አንቱታን የበላው ጉማሬ

(ዩጋንዳ፣ ኢንቴቤ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ በረንዳ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር መርዕድና ባለቤታቸው ፈለቀች ወራቱን በጫካና በረግረግ ሲዞሩ ከርመው፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊመለሱ የአየር ማረፊያውን መኪና እየጠበቁ ነው።)

መርዕድ፦ እኔ ምን አልኩሽ? ቦሌ እስክንደርስ እንደፈለግሽ። ቦሌ ስንደርስ ግን ወደ «አንቱ» ተመለሽ። ልመናዬ ይኸው ነው።

ፈለቀች፦ አየር ላይስ? ኬንያን ስናልፍ ልጀምር ወይስ ጎማው መሬት ሲነካ?

መርዕድ፦ አታሹፊ። ታላቅ እህቴ እትዬ የሻረግ ሊቀበሉን ይመጣሉ። ተማሪዎቼ ይመጣሉ፣ ማኅበርተኛው ይመጣል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንተ መርዕድ፣ ሻንጣውን ያዝ» ብትዪኝ መሬት አትውጠኝም?

ፈለቀች፦ አትውጥህም። ጉማሬ ያልዋጠህን ሰው መሬት ምን አግብቷት?

መርዕድ፦ መዘዙ ሁሉ ከዚያ ጉማሬ ነው! ከተጋባን ጀምሮ «አንቱ» ስትዪኝ ኖረሽ፣ አንድ ጉማሬ ከውሃ ብቅ ቢል ሻርሽኝ!

ፈለቀች፦ ምን ልበል ኖሯል? «መምህር፣ እባክዎን፣ ባያስቸግርዎ፣ ይሩጡ»? «ባያስቸግርዎ» ላይ ስደርስ እኮ መበለት ሆኜ ነበር።

መርዕድ፦ «ይሩጡ» ብቻ ብትዪስ?

ፈለቀች፦ ጉማሬው ለእሱ ያልኩ ቢመስለውስ? በአንገቱም በቁመናውም ካንተ ይልቅ አንቱታ የሚያምርበት እሱ ነበር።

መርዕድ፦ እሺ፤ «ሩጥ» አልሽ፣ ሮጥኩ፣ ተረፍኩ፤ እግዜር ይስጥሽ። ጉማሬው ከሄደ በኋላስ? ጎሪላዎቹ ጋ «አንተ»፣ ጀልባው ላይ «አንተ»፣ ገበታ ላይ «አንተ»! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ እኔ ግን በልቼም ቆጨኝ።

ፈለቀች፦ ጎሪላዎቹ ጋ አስጎብኚው «ድምፅ እንዳታሰሙ» አላለም? ጆሮህ ውስጥ ገብቼ ስንሾካሾክ «እርስዎ» ልልህ ነው?

መርዕድ፦ እኔም የቻልኩት ማን ሰማ ብዬ ነው። እዚህ አገር ከሁለታችን በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም።

ፈለቀች፦ እኔም እሱኑ ነው የምልህ።

መርዕድ፦ የቱን?

ፈለቀች፦ ይሄን አገር ስጠላው መክረሜን ታውቃለህ አይደል?

መርዕድ፦ መጥላት ብቻ! ዝናቡን ረገምሽ፣ ጭቃውን ረገምሽ። ያን ምንቃሩ ጫማ የሚያክል ወፍ ለማየት ስንት ተጉዘን፣ «ቀኑን ሙሉ ተገትሮ አንድ ሥራ አይሠራም፤ ቀበሌ ቢቀጠር ይሻለው ነበር» አልሽው። እኔንም «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያልሽ ስትተርቺኝ ከረምሽ።

ፈለቀች፦ ግንዱ እኔ ነኛ! ግንድ ተጎትቶ ዝም ይበል? ጎጃም ተወልደህ፣ የራስህን አባይ ትተህ፣ የሰው አባይ ልትሳለም መጣህ።

መርዕድ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላየው ያስተማርኩት ነዋ! ነጭ አባይ ከዚህ ሐይቅ ሲወጣ ሳላይ ልሙት? ደግሞ እንዲያ ከጠላሽው፣ ዛሬ ጠዋት ውሃው ዳር ቆመሽ ምን አስለቀሰሽ?

ፈለቀች፦ ለውሃው መሰለህ? ላንተ ነው።

መርዕድ፦ እኔማ ይኸው አለሁ።

ፈለቀች፦ እዚህ አለህ። ማርቆስ ስንገባ ግን የለህም። እዚያ ማኅበር አለህ፣ እድር አለህ፣ ዳማ የምትጫወትበት ደጅ አለህ። ለእኔ የሚተርፈኝ «ምሳ ቀርቧል»፣ «እጅዎን ይታጠቡ»፣ «ደህና ይደሩ» ነው። ለአንቱ ከዚህ ሌላ ምን ይወራል? እዚህ ሌላ የምታወራው ሰው ብታጣ እኔን አወራኸኝ። ልጅ ሳለህ መብረቅ ስትፈራ አልጋ ስር ትገባ እንደነበር የሰማሁት እኮ ዝናቡ ጫካ ውስጥ ያገተን ዕለት ነው። ልጆች ድረን፣ የልጅ ልጅ ካየን በኋላ! ይሄን አገር ስሰናበት የምሰናበተው አንተን ነው። ከፍቶኛል፣ መርዕድ።

መርዕድ፦ የመብረቁን ነገር ለእትዬ የሻረግ እንዳትነግሪ።

ፈለቀች፦ የሰማኸው እሱን ብቻ ነው? ተወው። ልመናዎ ተሰምቷል፤ እንዳሉ ይሁን።

መርዕድ፦ አሁኑኑ አላልኩም እኮ።

ፈለቀች፦ ምላሴ ዝጓል፤ ልለማመድ እንጂ።

መርዕድ፦ እሺ ተለማመጂ... እዪው፣ እዪው! ንስሩ ከውሃው ላይ ዓሣ ላፍ አድርጎ ወጣ!

ፈለቀች፦ ወጣ እንዴ? ደግ ነው።

መርዕድ፦ «ደግ ነው»? ትናንት ቢሆን «ንስሩ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የምታየው፤ የሩቅ ማያ መነጽርህን ገልብጠህ ይዘሃል» ትዪኝ ነበር።

ፈለቀች፦ በእርስዎ መቀለድ ነውር ነው።

መርዕድ፦ ተቆጥተሻል ማለት ነው።

ፈለቀች፦ ኧረ በምን አቅሜ! ጃኬትዎን ይደርቡ፤ ነፋስ ነው።

መርዕድ፦ ምን እያሰብሽ ነው?

ፈለቀች፦ ምንም። እርስዎ ደህና ነዎት?

መርዕድ፦ በእናትሽ ተይ! በሽተኛ ልትጠይቂ የመጣሽ አስመሰልሽው። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ነበር የምናወራው?

ፈለቀች፦ ዛሬ እንኳ አበዛሁት። ያኔ ይህን ያህልም አናወራም።

መርዕድ፦ ጃኬቱንም አልደርብም!

ፈለቀች፦ መኪናው መጣ። ይቅደሙ።

መርዕድ፦ አልቀድምም! ከዚህ አገር እንዲህ ሆኜ አልወጣም። ጎሪላውም ሐይቁም ለባለቤቱ ይቅር፤ እኔ ይዤ መግባት የምፈልገው አንቺ የሰደብሽኝን ነው። በቃ፣ «አንተ» በይኝ።

ፈለቀች፦ በረንዳ ላይ ማንም ጀግና ነው። እትዬ የሻረግ ፊት ይደግሙታል?

መርዕድ፦ እትዬ የሻረግ ጉማሬ አላዩም። ቢያዩ ይገባቸዋል።

ፈለቀች፦ እነሆ፣ ስልክዎ ይጮሃል። እሳቸው ናቸው፤ «ተነሣችሁ ወይ?» ሊሉ ነው።

መርዕድ፦ አንሺው። ስፒከር ላይ አድርጊው።

ፈለቀች፦ ኋላ እንዳይጸጸቱ።

መርዕድ፦ አድርጊው አልኩሽ!

ፈለቀች፦ ሄሎ፣ እትዬ የሻረግ፣ እንደምን አደሩ?... እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልንነሣ ነው... አለ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ልጥራልዎት። መርዕድ!

መርዕድ፦ አቤት!