አንድ ተከራይ፣ አንድ ሠራተኛ

እሑድ ረፋድ፤ በአንድ ክፍል አብረው የሚኖሩት ሶሲናና አልጣሽ፣ ሰሚት አካባቢ የሚከራይ ቤት አይተው ከግቢው በር ውጭ ቆመዋል።

አልጣሽ፦ ገረዴ ናት አልሻቸው? እኔን? በቁሜ?

ሶሲና፦ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል! ደግሞ ገረድ አላልኩም። ሠራተኛዬ ናት ነው ያልኩት።

አልጣሽ፦ አይ ሥልጣኔ! አምስት ዓመት አንድ ፍራሽ ላይ አብረን ተኝተን!

ሶሲና፦ ታዲያ ምን ላድርግ? እትዬ በለጡ ያሉትን በጆሮሽ ሰምተሻል። «ሁለት ላጤ አላስገባም፣ እንግዳቸው ግቢዬን ገበያ ያደርገዋል፤ አንድ ተከራይ ከነሠራተኛዋ ከሆነ እሺ» አሉ። ደላላው በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ እኔም አልኩ። አለቀ።

አልጣሽ፦ ደላላውን ያገኘሁት እኔ። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየወጣሁ ከገርጂ እስከ አያት በእግሬ የኳተንኩት እኔ። አንቺ ዛሬ ጥፍርሽን ተቀብተሽ መጣሽና እመቤት ሆንሽ!

ሶሲና፦ እህ፣ እስቲ ራስሽን እይው። በዚያ ሹራብ፣ ፌስታል አንጠልጥለሽ። ስምሽም አልጣሽ። እኔ ሠራተኛዋ ነኝ ብል ማን ያምነኛል?

አልጣሽ፦ ፌስታሉ ውስጥ ያለው የተማሪዎቼ ፈተና ነው።

ሶሲና፦ ይሁና። አስተማሪነትሽ ግንባርሽ ላይ አልተጻፈ።

አልጣሽ፦ ማድ ቤት ወስደው ጥግ ላይ ያለችውን አልጋ አሳዩኝ። «አንቺ እዚህ ነሽ» አሉኝ። መስኮት እንኳ የላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ የተከራይ ሠራተኞች በተራ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ሽንት ቤት ያጥባሉ ተብያለሁ።

ሶሲና፦ ትጠርጊያለሻ! ቅዳሜ ምን ሥራ አለሽ? ሰው ፊት ብቻ «እትዬ» በይኝ፤ በር ሲዘጋ ያው እኔና አንቺ ነን። ቀን እስኪያልፍ ያባትህ ባሪያ ይግዛህ አይደል ሲባል የኖረው?

አልጣሽ፦ እኔ አንቺን፣ እትዬ?

ሶሲና፦ ምነው፣ ከበደሽ? ነገ እኮ ያለንበትን ቤት እንለቃለን። ዕቃችን ታስሮ ተቀምጧል። የት ልታድሪ ነው? አውቶቡስ ተራ?

አልጣሽ፦ ሶሲ፣ ስሚኝ። አሁን አብረን እንግባ። «ዋሽቼ ነው፣ እህቴ ማለት ናት» በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሴትዮዋ ደህና ሰው ናቸው፣ ይገባቸዋል።

ሶሲና፦ አብደሻል? እጄ የገባ ቤት ላጣ? ለኩራትሽ ብዬ?

አልጣሽ፦ እባክሽ። አንዴ ብቻ።

ሶሲና፦ ኤጭ! ምን ያካብድሻል? እናትሽስ የሰው ልብስ እያጠበች አይደል ያሳደገችሽ? አዲስ ነገር አይደለም፣ በደምሽ አለ።

አልጣሽ፦ እናቴን?

ሶሲና፦ ሐሰት ተናገርኩ?

አልጣሽ፦ አልተናገርሽም። እሷ ባጠበችው ልብስ ነው እኔ የተማርኩት፣ አንቺም ከእኔ እየገለበጥሽ የተመረቅሽው።

ሶሲና፦ በይ በይ፣ ሙሾሽን አቁሚና ፊትሽን ጥረጊ። ቁልፉን ይዘው ሊመጡ ነው። ምን ሆነው ቀሩ ግን?

አልጣሽ፦ አይመጡም።

ሶሲና፦ እንዴት አይመጡም?

አልጣሽ፦ አንቺ ክፍሉን ለሶፋሽ በእርምጃ ስትለኪ፣ ማድ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ «እመቤትሽ ፀባይዋ እንዴት ነው?» አሉኝ። አከራይ የተከራይዋን ጉድ የሚጠይቀው ሠራተኛዋን ነው። እመቤት ሆነሽ ይሄን አታውቂም?

ሶሲና፦ ምን አልሽ? አልጣሽ! ምን አልሻቸው?

አልጣሽ፦ እውነቱን። ጓደኛዋ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ አልኩ። ፈተናውን አውጥቼ አሳየኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና «ጓደኛዋን ገረድ ያደረገች እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?» ብለው ቁልፉን መዳፌ ላይ አኖሩት። ይኸው።

ሶሲና፦ በሞቴ! ቀልድሽን ነው! አልጡዬ፣ እስቲ አምጪው…

አልጣሽ፦ እጅሽን ሰብስቢ። ይሄን ኪሴ ይዤ ነው እስካሁን የለመንኩሽ። ጥፋቴ ነው ብትይ ኖሮ፣ እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን አስገባሽ ነበር። አንቺ ግን እናቴን አነሳሽ።

ሶሲና፦ ይቅርታ! ይኸው ይቅርታ አልኩ! አክስቴ እንደሆነች በሯን ዘግታብኛለች፣ አንቺው ታውቂያለሽ። ነገ የት ልግባ? እንዲህ ጨካኝ አልነበርሽም እኮ!

አልጣሽ፦ አልጨክንብሽም። የእትዬ በለጡ ሕግ እንደሆነ አልተለወጠም፤ አንድ ተከራይ፣ አንድ ሠራተኛ። ማድ ቤት ያለችው አልጋ ባዶ ናት።

ሶሲና፦ ምን?

አልጣሽ፦ ቀን እስኪያልፍ ነው። ቅዳሜ ጠረጋ አለ፤ ጥፍርሽን ቆርጠሽ ነይ።